የሚሞላ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሲጋራ አመራረጥ

ለገዢና ለባለሱቅ የተዘጋጀ ትምህርት

በሳጥን ላይ የተጻፈ ዋጋ የዕቃው የመጀመሪያ ወጪ እንጂ የመጨረሻው እንዳልሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ፋኖስ የገዛ ሰው ጋዙንና ክሩን፣ የጽሕፈት መኪና የገዛም ሪባኑን ከዓመት እስከ ዓመት ሲገዛ ይኖራል። ብልህ ገዢ የፋኖሱን ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ክሩ በየትኛው ሱቅ እንደሚገኝና ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቃል። በለንደን፣ በዱባይና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው፣ ቬፕ እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ሲጋራም የዚሁ ዐይነት ዕቃ ነው።

ከአባሎቻችን መካከል ለንግድ ወደ ውጭ አገር የሚመላለሱ አሉ፤ በውጭ አገር ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወገኖቻችንም ስለዚህ ዕቃ በደንበኞቻቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ የዕቃውን አሠራርና አመራረጥ፣ እንዲሁም ሕግ የወሰነበትን ድንበር ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ የምንወስደው በይበልጥ የብሪታንያን ገበያ ነው። ዓመታቱም፣ የአገራችንን አዋጅ ከምንጠቅስበት ቦታ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1ኛ፤ ዕቃው ምንድር ነው?

የዛሬው የኤሌክትሪክ ሲጋራ የተፈለሰፈው በ2003 ሆን ሊክ በተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ዛሬም ከዓለም ምርት እጅግ የሚበዛው በቻይና በሸንጀን ከተማ ይሠራል። ፖድ የሚባለው አነስተኛው ዐይነት ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ባትሪውን የያዘው አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከላዩ የሚሰካው ትንሽ የፈሳሽ መያዣ፣ ማለት ፖዱ ነው። በፖዱ ውስጥ በጥጥ የተከበበ ማሞቂያ ሽቦ ይገኛል። ጥጡ ፈሳሹን እንደ ፋኖስ ክር እየመጠጠ ለሽቦው ያቀርባል፤ ሽቦውም በባትሪው ኃይል ሞቆ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። ትምባሆ ስለማይቃጠል ከሲጋራ ጭስ የሚመጡት ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ አይገኙም። ኒኮቲኑ ግን በፈሳሹ ውስጥ አለ።

2ኛ፤ ለማን ነው?

ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ይኸውም ቬፕ ከሲጋራ ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ቢሆንም ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ አጫሽ ያልሆነ ሰውና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም ሊነካው አይገባም የሚል ነው። ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ ነገር ነው። ስለዚህ ዕቃው ተገቢ ገዢ ቢኖረው፣ ሲጋራ ለመተው የቈረጠ ለዐቅመ አዳም የደረሰ አጫሽ ብቻ ነው። አጭሶ ለማያውቅ ሰው የሚመረጥ ቬፕ የለም፤ ባለሱቅም ለእንዲህ ያለው ሰው ሊመክረው የሚገባ ዐይነት የለውም። ሲጋራውን ሳይተው ቬፑን የሚጨምር ሰውም ጥቅሙን አጥቶ ወጪውን እጥፍ ያደርጋል።

3ኛ፤ በሕግ የተፈቀደ ለመሆኑ መመርመር

በብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት የአንዱ ፖድ ይዞታ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ የኒኮቲን ፈሳሽ ጠርሙስ ይዞታ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ የኒኮቲኑም ብርታት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 ያወጣው መመሪያ ይህነኑ ልክ ይዟል። ጠርሙሱ ሕፃን የማይከፍተው ክዳን ሊኖረው ይገባል። ዕቃው ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ለመድኃኒትና ለጤና ዕቃዎች ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። በእንግላንድና በዌልስ ከ2015 ጀምሮ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥ ክልክል ነው።

ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለውን ቬፕ መሸጥ በብሪታንያ ተከልክሏል። ቤልጅግ ከዚያው ዓመት ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ተመሳሳይ ክልከላ አድርጋለች። ከዚህ ወዲህ በብሪታንያ የሚሸጠው ባትሪው የሚሞላ፣ ፈሳሹም የሚጨመርበት፣ ማሞቂያው ሽቦ ወይም ፖዱ ለብቻው ተገዝቶ የሚለወጥ መሆን አለበት። ገዢ በዚህ ደንብ ዕቃውን ሊፈትነው ይችላል፤ መለዋወጫው ፖድ በሱቅ የማይገኝለት «የሚሞላ» ዕቃ ስሙን ብቻ የለወጠ የሚጣል ዕቃ ነው።

4ኛ፤ ሽቦውና የኒኮቲኑ ብርታት

ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በኦም ይለካል፤ ቍጥሩም በፖዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኦሙ ከፍ ሲል እንፋሎቱ ያንሳል፤ አሳሳቡም እንደ ሲጋራ ጠበቅ ያለ ይሆናል። ኦሙ ዝቅ ሲል እንፋሎቱ ይበዛል፤ ፈሳሹና የባትሪው ኃይልም ፈጥኖ ያልቃል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። የባትሪው ግፊት 3.7 ቮልት ነው እንበል። 3.7 በ3.7 ሲበዛ 13.69 ይሆናል። ይህ ለ1.2 ኦም ሲካፈል 11.4 ዋት፣ ለ0.6 ኦም ሲካፈል 22.8 ዋት ይሰጣል። ባትሪው 650 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዝ የኃይሉ ጠቅላላ መጠን ወደ 2.4 ዋት ሰዓት ይደርሳል። አንዱ ሳብታ 3 ሴኮንድ ቢቈይ፣ በ1.2 ኦም ወደ 250 ጊዜ ያህል ይሳባል፤ በ0.6 ኦም ግን ወደ 125 ጊዜ ብቻ ይሆናል። አያሌ መሣሪያዎች ኃይሉን ራሳቸው ስለሚቈጣጠሩ ቍጥሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሆኖም ሚዛኑ ይኸው ነው። እንግዲህ ከቤት ወጥቶ የሚውል ሠራተኛ በሳጥኑ ላይ የባትሪውን መጠን ብቻ ሳይሆን የሽቦውንም ኦም አብሮ ማንበብ አለበት።

የኒኮቲኑም ብርታት ከዚሁ ጋር መስማማት ይገባዋል። ብርቱው ፈሳሽ ከፍ ካለ ኦምና ከጥቂት እንፋሎት ጋር ይሄዳል፤ ብዙ እንፋሎት በሚሰጥ ሽቦ ላይ ብርቱ ፈሳሽ የሚጨምር ሰው ጕሮሮው ይቃጠላል፤ ራሱም ይዞራል። በሌላ በኩል ብዙ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው ከመጀመሪያው እጅግ የላላውን ቢመርጥ ሳይበቃው ይቀርና ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ስለዚህ ለአጫሹ ልማድ በሚመጥን ብርታት ጀምሮ፣ ሲጋራው በእውነት ከተተወ በኋላ ቀስ በቀስ ዝቅ ማድረግ የተሻለ አካሄድ ነው።

5ኛ፤ ፖዱና ፈሳሹ

ፖድ ሲመረጥ ሦስት ነገሮች ይታዩ። መጀመሪያ፣ ፈሳሹ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ የሚታይ ይሁን። ሁለተኛ፣ የመሙያው ቀዳዳ የጠርሙሱን አፍ በቀላሉ የሚቀበልና ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ ይሁን፤ አለዚያ ፈሳሹ በኪስ ውስጥ ይፈስሳል። ሦስተኛ፣ መለዋወጫው ከአንድ በላይ በሆኑ ሱቆች የሚገኝ ይሁን። አዲስ ፖድ ከተሞላ በኋላ ጥጡ እስኪርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ደርቆ የሞቀ ጥጥ ይቃጠላልና ጣዕሙ ይበላሻል። የማረር ጣዕም ከመጣ ፖዱን መለወጥ እንጂ መታገል አይጠቅምም።

ፈሳሹ ባብዛኛው ከፕሮፒሊን ግላይኮልና ከግሊሰሪን የተዘጋጀ ነው። ግሊሰሪን የበዛበት ፈሳሽ ወፍራም ስለሆነ በትንሿ ፖድ ጠባብ ቀዳዳ በቶሎ አያልፍም። ለዚህ ዕቃ እኩል በእኩል የተቀላቀለው ይስማማል።

ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ ግን በማናቸውም ዋጋ አይገዛም። በ2019 በአሜሪካ በተነሣው የሳንባ ሕመም እስከ የካቲት 2020 አጋማሽ ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም 68 ሞተዋል። ምርመራው በይበልጥ ያመለከተው ከካናቢስ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረውን የቪታሚን ኢ አሲቴት ዘይት ነው፤ የዚህ ፈሳሽ አብዛኛው ክፍል የተገኘውም ከሕጋዊ ሱቅ ውጭ ነበር። በርካሽ የተገኘው ፈሳሽ ስንት እንደሚያስከፍል ይህ ያስተምራል።

6ኛ፤ የወጪው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ሁለት መሣሪያዎችን እናወዳድር። የመጀመሪያው 10 ፓውንድ ይሸጣል፤ የአንዱ ፖድ ዋጋ ግን 4 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው 20 ፓውንድ ይሸጣል፤ ፖዱ ግን 2 ፓውንድ ነው። ገዢው በየሳምንቱ አንድ ፖድ ይለውጣል እንበል። በ5ኛው ሳምንት የሁለቱም ጠቅላላ ወጪ 30 ፓውንድ ሆኖ እኩል ይመጣል። በ10ኛው ሳምንት የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 40 ፓውንድ ያስወጣል። በዓመቱ መጨረሻ፣ ማለት በ52 ሳምንት፣ የመጀመሪያው 218፣ ሁለተኛው 124 ፓውንድ ይሆናል። «ርካሹ» ዕቃ በ94 ፓውንድ ተወደደ ማለት ነው። የፈሳሹ ወጪ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጨመር ከዚህ ሒሳብ አላስገባነውም። ይህን ሒሳብ ለደንበኛው በወረቀት ላይ አስልቶ የሚያሳይ ባለሱቅ ያን ቀን ትንሽ ቢያተርፍም ደንበኛውን አያጣም።

7ኛ፤ አያያዝና ጕዞ

ባትሪው የሊትየም ስለሆነ ተስማሚ በሆነ መሙያ፣ ሰው ባለበት ሰዓት መሞላት አለበት፤ ሌሊት በአልጋ ላይ ማሳደር አደጋ አለው። ያበጠ ወይም የተሰበረ መሣሪያ አይሞላም። ካገለገለ በኋላም ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ በብሪታንያ ቬፕ የሚሸጥ ባለሱቅ አሮጌውን የመቀበል ግዴታ አለበት። ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ሕፃን ቢጠጣው መርዝ ነውና ጠርሙሱ ተቈልፎ ይቀመጥ።

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው መሣሪያውን በእጅ ሻንጣው ይያዘው እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት በዓለም አቀፍ የአየር ጕዞ ደንብ ክልክል ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥም ሊሞላውና ሊስበው አይፈቀድለትም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚደርስበትን አገር ሕግ ይጠይቅ። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች በ2019 ሽያጩን በደንብ ሲፈቅዱ፣ ሕንድ በዚያው ዓመት ከልክላለች። በሲንጋፖር ደግሞ ከየካቲት 1 ቀን 2018 ጀምሮ በእጅ መያዝ እንኳ ያስቀጣል።

8ኛ፤ ለአገራችን ነጋዴ

በዱባይ መደብር በጅምላ የተደረደረውን ዕቃና የዋጋውን ማነስ ያየ ነጋዴ፣ ወደ አገር ቤት ቢያስገባው ስንት እንደሚያተርፍ ማስላቱ አይቀርም። ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው መሥመር ይቆማል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የኤሌክትሪክ ሲጋራን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ገበያ ተስማሚ የሆነ የቬፕ ዐይነት የለም፤ በሻንጣ ተከፋፍሎ የመጣም ቢሆን ንግድ መሆኑ አይቀርም። የተወረሰ ዕቃ ዋናውን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ ለሌላው ንግድ የተሰጠውንም አመኔታ ያጎድላል።

ከዚህ ትምህርት የሚያዘው በአጭሩ ይህ ነው። ገዢ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ አጫሽ ካልሆነ ገንዘቡን በኪሱ ያኑር። አጫሽ ሆኖ ሲጋራውን ሊተው ከቈረጠ፣ ዕቃው በተፈቀደበት አገር፣ ከተመዘገበው ዐይነት፣ ከልማዱ ጋር የሚስማማ ሽቦና ብርታት ያለውን፣ ፖዱ በየሱቁ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኘውን ይምረጥ። ወደፊትም የኒኮቲኑን መጠን እየቀነሰ መጨረሻውን ከዕቃው መላቀቅ ያድርግ። ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ትርፉን ብቻ ሳይሆን አዋጁንም ያንብብ፤ አዋጅን ሳይመለከት የተሠራ የትርፍ ሒሳብ ከኪሳራ አይቈጠርምና።