ቴስተሩ ዝም ሲል ሽቦው ኃይል የለውም ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ለቤታችን የተገዛው ሽቦ ሳይነካ የሚሠራ ቴስተር አንዳንድ ጊዜ ኃይል ባለበት ግድግዳ ላይ ዝም ይላል፤ ሌላ ጊዜ ብሬከሩ ጠፍቶም ይጮኻል። ሊታመን ይችላልን?
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ሁለቱም ጠባዮች ከመሣሪያው አሠራር ሊመነጩ ይችላሉ። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመላለሰው፣ በሽቦው ዙሪያ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚፈጥር፣ የቴስተሩ ጫፍ ይህን መስክ በሽቦው ፕላስቲክ ሽፋን በኩል ተቀብሎ ይጮኻል፤ የያዘው ሰው አካልም ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ መስኩ ይታገዳል፤ ከሶላር ፓነል የሚመጣውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ መሣሪያው ጨርሶ አይለይም። በአንጻሩ የጠፋ ሽቦ ኃይል ካለው ሽቦ ጎን ለጎን ሲዘረጋ በመጋባት የመጣ ደካማ ቮልቴጅ ሊያስጮኸው ይችላል።

አሳሳቢው ግን ዝምታው ነው፤ ባትሪው የደከመ ቴስተርም ዝም ይላልና። በመሆኑም መሣሪያውን አስቀድመው ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ የተጠረጠረውን ሽቦ ከፈተሹ በኋላም ወደዚያው ሶኬት ተመልሰው ይድገሙት። ሽቦ የሚነካ ሥራ ካለ ብሬከሩ ጠፍቶ ማንም እንዳይመልሰው ከተደረገ በኋላ፣ ኃይል አለመኖሩ ሁለት ጫፍ ባለው የንክኪ ቴስተር በፌዝና በኒውትራል፣ እንዲሁም በፌዝና በመሬት ሽቦ መካከል ሊረጋገጥ ይገባል።

ዋናው ብሬከር ጠፍቶም ጩኸቱ ከቀጠለ፣ ሽፋኑ የተቃጠለ ሽቦ ከታየ ወይም ምድጃ ሲነካ ከነዘረ፣ ፍተሻውን አቁመው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ብቻ የሚነኩት ነው።