የሳሙስ ትከሻ፦ ስለ ፊገር አመዛዘን የተደረገ ምልልስ

የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን መልክ ተከትሎ ከፕላስቲክ የሚሠራውና ሰብሳቢዎች «ፊገር» የሚሉት ቅርጽ፣ በተለይ በጃፓን፣ ራሱን የቻለ የጥበብና የንግድ ዘርፍ ሆኗል። በዚህ ምልልስ ፊገሮችን በመመርመር የቆዩ አንድ አዛውንትና ሙያውን መማር የምትሻ ወጣት ይነጋገራሉ። ለምሳሌ የተወሰደችው የጃፓኑ ማክስ ፋክቶሪ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ «ፊግማ» በሚል ስም ከሚያወጣቸው፣ መገጣጠሚያቸው ከሚንቀሳቀስ ፊገሮች አንዷ የሆነችው ሳሙስ አራን ናት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ፊገር ሲመዘን ከሁሉ በፊት የሚታየው ምኑ ነው? አንዳንዱ መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ካርቶኑ ተከፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያጣራል።

አዛውንቱ፦ ዋጋና ካርቶን የገበያው ጉዳይ ስለሆኑ በኋላ ይደረስባቸዋል፣ ልጄ። መዛኙ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው ገጸ ባሕርይዋ ይህን መልክ በምን ምክንያት እንደያዘች ነው፤ ቅርጹ ዋናውን ጠብቋል ወይም አልጠበቀም ብሎ መፍረድ የሚቻለው ዋናው ሲታወቅ ነውና። ሳሙስ «ሜትሮይድ» የተባለው የኒንቴንዶ ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ጌሙ በ1986 በጃፓን ሲወጣ ተጫዋቹ የሚያየው ከራስ እስከ እግር በጥሩር የተሸፈነ፣ በቀኝ ክንዱ ላይ መድፍ የተገጠመለት ተዋጊ ብቻ ነበር፤ ጥሩሩ ወልቆ ተዋጊው ሴት መሆኗ የሚገለጠው ጌሙን በፍጥነት ለጨረሰ ሰው ነበር።

ወጣቷ፦ ያ እንደ ኳስ የተነፋው ትከሻዋስ ያኔም ነበር?

አዛውንቱ፦ አልነበረም፤ የፊገሯም ምዘና በአብዛኛው የሚያርፈው በዚያ ትከሻ ላይ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይገባል። በመጀመሪያው ጌም ሳሙስ «ቫሪያ» የሚባለውን፣ የጠላትን ጉዳት የሚቀንስ የጥሩር ማሻሻያ ስታገኝ ለውጡ የሚታወቀው ጥሩሯ ቀለም ሲቀይር ነበር። ሁለተኛው ጌም ግን በ1991 የወጣው ለጌም ቦይ ነው፤ ይህ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ስክሪኑ ከአራት የግራጫ እርከን በስተቀር ቀለም የሚባል ነገር ስላልነበረው፣ ንድፍ አውጪዎቹ በቀለም ሊያሳዩት ያልቻሉትን ለውጥ በቅርጽ ማሳየት ግድ ሆነባቸውና ቫሪያን የለበሰችውን ሳሙስ ትልልቅ ክብ ትከሻ ሰጧት። ባለ ቀለም ጌሞች ከመጡ በኋላም ያ ትከሻ አልቀረም፤ እንዲያውም ከሩቅ ጥላዋን ብቻ ያየ ሰው እንኳ ሳሙስ መሆኗን የሚያውቅበት ምልክቷ ሆነ።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ የሚያስደስት ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲኩን ለመመዘን እንዴት ይረዳል?

አዛውንቱ፦ በስክሪን ላይ የተሳለ ትከሻ ከክንድ ጋር አይጋጭም፤ ከፕላስቲክ ሲሠራ ግን ኳሱ የሚቀመጠው ክንዱ ሲነሣ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ሠሪው ለክንዱ መላወሻ ብሎ ኳሱን ቢያሳንሰው ገጸ ባሕርይዋ ትጠፋለች፤ ኳሱን በሙሉ መጠኑ ሠርቶ ከደረቷ ጋር ቢያጣብቀው ደግሞ መድፏን ወደ ፊት ማነጣጠር የማትችል ተዋጊ ትሆናለች። ደህና ሠሪ ኳሱን በራሱ መገጣጠሚያ ለብቻው ስለሚያንጠለጥለው ክንዱ ሲነሣ ኳሱ ፈቀቅ ይልለታል። ስለዚህ ፊገሯ ስትመረመር ደረቷን በአንድ እጅ ይዘሽ፣ መድፍ ያለበትን ክንድ ከትከሻዋ ጋር እስኪተካከል ድረስ ቀስ ብለሽ አንሺው። ኳሱ መንገድ ይለቃል ወይስ አንገቷን ይገፋል? ክንዱ ከተነሣ በኋላ በደረቷና በኳሱ መካከል የሚታየው ክፍተት የውስጡን መገጣጠሚያ ያጋልጣል ወይስ በጥሩሩ ቅርጽ ይሸፈናል? ክንዱ ሲመለስ ኳሱና ደረቷ ተፋቅተው ቀለም የተላጠበት ቦታ አለ? እነዚህን ሦስቱን ያለፈች ፊገር ሌላ ጉድለት ቢገኝባት እንኳ ሠሪዋ ገጸ ባሕርይዋን አጥንቶ እንደሠራት ይመሰከርላታል።

ወጣቷ፦ በጌሙ ውስጥ ሳሙስ ተጠቅልላ ድቡልቡል ኳስ ትሆናለች። ፊገሯ ይህን አለማድረጓ እንደ ጉድለት ይቆጠራል?

አዛውንቱ፦ 15 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የሰው ቅርጽ ወደ ኳስ እንዲታጠፍ ቢገደድ የቆመበት መልክ በየመታጠፊያው ይቆራረጣል። በ2010 ከወጣው «ሜትሮይድ፦ አዘር ኤም» የተወሰደችው ፊግማ ኳሱን ለብቻው በተሠራ ትንሽ ቁራጭ ይዛ መጥታለች፤ ይህም ሠሪው የቱን ትቶ የቱን እንደሚይዝ አስቦበት የወሰነው ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። የማይንቀሳቀሱት፣ በአንድ አቋም ጸንተው የሚቀሩት ፊገሮች ግን በሌላ መስፈርት ይታያሉ፤ በእነርሱ ዘንድ መገጣጠሚያ ስለሌለ ሙሉው ፍርድ በቅርጹ፣ በሚዛኑና በቀለሙ ላይ ይወድቃል።

ወጣቷ፦ ቀለሙ እንዴት ይመረመራል?

አዛውንቱ፦ በመስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፤ የመደብር መብራት ቀዩንና ብርቱካናማውን ያቀራርባልና። የሳሙስ የራስ ቁር ቀይ፣ ትከሻዋ ብርቱካናማ፣ መድፏና የፊት መሸፈኛዋ አረንጓዴ ስለሆኑ፣ ቀለማቱ የሚዋሰኑበት መስመር መጀመሪያ በክንድ ርቀት፣ ከዚያም ዓይን ስር ቀርቦ ይታያል። ቀለሙ መስመሩን ጥሶ ከፈሰሰ ወይም ድንበሩ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ችኮላ አለበት። ከቀለሙ ጋር የፎርማው መስመርም ይፈለግ። ፊገር የሚሠራው የጋለ ፕላስቲክ በሁለት ግማሽ ፎርማ መካከል ተረጭቶ ስለሆነ፣ ግማሾቹ የተገናኙበት ቦታ ፀጉር የመሰለ ቀጭን መስመር ይተዋል። ይህን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ ብልሃቱ መስመሩን በጥሩሩ ጠርዝ ላይ መደበቅ ነው፤ በጭኗ መካከል ቁልቁል ከወረደ ግን ሠሪው አልተጠነቀቀም ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ከአሠራሩ ሌላ ፕላስቲኩ ራሱ አያረጅም?

አዛውንቱ፦ ያረጃል፤ አረጃጀቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ለስላሳው ፒቪሲ ሲሆን፣ እንዲለሰልስ የተቀላቀለበት ኬሚካል ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ ፊገሩን ያጣብቀዋል፤ በሙቀት ውስጥ ከቆየም በአንድ እግር የቆመ ቅርጽ እየዘመመ ይሄዳል። ጠንካራው ኤቢኤስ ነው፤ ቅርጹን ስለሚጠብቅ ለመገጣጠሚያና ለመሣሪያ ይመረጣል፤ ነገር ግን በግድ ከተጠማዘዘ ይሰበራል። የተጣበቀውን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ ይበቃል። አልዞርም ያለ መገጣጠሚያም በጉልበት አይፈተሽ፤ በሙቅ ውሃ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ሞቆ ሲለሰልስ ይዞራል። የፀሐይ ብርሃን ያደረሰው ቢጫነት ግን በእጥበት አይለቅም።

ወጣቷ፦ ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ለመለየት ካርቶኑን ማየት አይበቃም?

አዛውንቱ፦ ካርቶኑ ላይ የአምራቹ ስም፣ የአከፋፋዩ አርማና የኒንቴንዶ የባለቤትነት መግለጫ መኖራቸው ይታያል፤ ከሌሉ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ቢኖሩም ግን ነገሩ አልተረጋገጠም፤ የታተመ ካርቶንን ፎቶ አንስቶ መልሶ ማተም ቀላል ነውና። ለመኮረጅ የሚያስቸግረው የመገጣጠሚያው ልክ ነው፤ ሶኬቱና በውስጡ የሚዞረው ኳስ በጥቂቱ እንኳ ካልተጣጣሙ ክንዱ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ይነክሳል። ኮፒ የሚሠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ፊገር ላይ ፎርማ ስለሚያነሡ ጠርዞቹ ይደነዝዛሉ፤ ላዩም ያለ ቦታው ያብረቀርቃል። ስለዚህ ካርቶኑን አይቶ ካመነ ሰው ይልቅ ክንዱን አንስቶ የፈተነው ይታመናል።

ወጣቷ፦ በገበያው ግን ጉድለት ራሱ ዋጋ ሲያወጣ ይታያል።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው። ኒንቴንዶ በ2014 መገባደጃ አሚቦ የተባሉትን፣ ከመጫወቻው ጋር የሚገናኝ ቺፕ በመቀመጫቸው ውስጥ ያለባቸውን ትንንሽ ፊገሮች ባወጣ ጊዜ፣ በፋብሪካ ስሕተት በሁለቱም ክንዶቿ መድፍ የተገጠመላት ሳሙስ በኢቤይ ጨረታ 2,500 ዶላር ያህል አውጥታለች። በቅርጽ ምዘና ያቺ ፊገር ስሕተት ናት፤ የሳሙስ ግራ እጅ ጣት ያለው እጅ ስለሆነ ሁለተኛ መድፍ የሚገባበት ምክንያት የለም። በገበያው ምዘና ደግሞ ብርቅ ናት። ሁለቱ ፍርዶች በአንድ ወረቀት ላይ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተደምረው አንድ ነጥብ ከሆኑ አንባቢው ዋጋው ከሥራው ጥራት ይሁን ከብርቅነቱ እንደመጣ ማወቅ አይችልም። በጃፓን ያገለገሉ ፊገሮችን ከሚሸጡት መደብሮች አንዱ የሆነው አሚአሚ ለዕቃውና ለካርቶኑ ለየብቻ በፊደል ደረጃ መስጠቱ ከዚህ የተነሣ ጥሩ ልማድ ነው፤ ካርቶኑ የተጨማደደበት ሰው ፊገሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በጅምላ አይጎዳም፣ ገዢውም የሚከፍልበትን ለይቶ ያውቃል።

ወጣቷ፦ ካርቶኑ ከተከፈተ ዋጋው ይቀንሳል፤ ካልተከፈተ ደግሞ ትከሻው አይፈተሽም። መዛኙ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ?

አዛውንቱ፦ ያየውን «ታየ»፣ ያላየውን «አልታየም» ብሎ ይጻፍ። በካርቶኑ መስኮት በኩል የፊት ለፊቱ ቀለም፣ የቁርጥራጮቹ መሟላትና የማሸጊያው ቴፕ መነካት አለመነካቱ ይታያሉ፤ መገጣጠሚያውና ጀርባው አይታዩም። ያልተከፈተ ሁሉ አዲስ ነው ብሎ ማመንም ያሳስታል፤ ከፒቪሲው የሚወጣው ኬሚካል በታሸገው የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ መውጫ አጥቶ ስለሚጠራቀም፣ አንድም እጅ ሳይነካው ለዓመታት የተቀመጠ ፊገር አየር ሲያገኝ ከኖረው ይልቅ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ማቀፊያው ላይ ጭጋግ መሰል ነገር ወይም የቅባት ነጠብጣብ ካለ በባትሪ ብርሃን ከጎን እያበራሽ ፈልጊ፤ ካገኘሽም ቦታውን ከነዕለቱ መዝግቢና ባለቤቱ ካርቶኑን እንዲከፍተው ምከሪው።