ምዕራፍ 9፦ ጠላቱ ውሃ ነው
የበሬ ሥጋ ኑድል በፈጣን እሳት

ቤት ውስጥ የሚሠራ የኑድል ጥብስ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። ሥጋው በመጠበስ ፈንታ ግራጫ ሆኖ ይቀቀላል፣ ጎመኑ ይልፈሰፈሳል፣ ኑድሉ ይጓጉላል፣ ከሳህኑ ሥር ደግሞ ቀጭን መረቅ ያቁራል። ያበሰለው ሰው ቅመም ያነሰው ይመስለውና በሚቀጥለው ጊዜ ሶያ ሶስ ያበዛል። ያን ጊዜ ምግቡ እንደ ፊቱ ረጥቦ ጨውም ይበዛበታል። ጥፋቱ ያለው መጥበሻው ውስጥ በቀረው ውሃ ላይ ነው።

በቻይናና በብዙ የእስያ አገሮች የሚሠራበት የፈጣን እሳት ጥብስ ዋና ሥራው ይህን ውሃ ቶሎ ማባረር ነው። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ግዛት ከሰፊ የሩዝ ኑድል፣ ከበሬ ሥጋና ከማሾ ቡቃያ የሚዘጋጅ ቢፍ ቻው ፈን የሚባል ምግብ አለ። የግዛቱ ሰዎች የአብሳይን ችሎታ ይመዝኑበታል። ኑድሉ ሳይሰባበርና ሳይጣበቅ፣ ከሳህኑ ሥርም ዘይት ሳያቁር መቅረብ አለበት። እኛ የምናዘጋጀው የዚያኑ ዘዴ ተከትሎ ከገበያችን በሚገኝ ነገር የሚሠራ እራት ነው። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሳይቆጠር ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ እሳት ላይ ግን ከ8 ደቂቃ አያልፍም።

ውሃ ጥብስን የሚያበላሽበት ምክንያት

ሥጋ ሲጠበስ የሚያወጣው ቡናማ ቀለምና የሚያውድ ሽታ የሚመጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ከገለጸው ኬሚካላዊ ሂደት ነው። ሂደቱ የሚፋጠነው ሙቀቱ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃ ግን በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሥጋው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ገጽታው ከዚያ ብዙም ሊያልፍ አይችልም። ይህን ውሃ ማትነን ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። 1 ሊትር የፈላ ውሃን በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ፣ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከ5 እጥፍ በላይ ይጠይቃል።

የምግብ ቤት አብሳይ ይህን ሁሉ በእሳት ብርታት ይወጣዋል፤ ምድጃው ከቤት ቡታጋዝ ብዙ እጥፍ ይበረታል። ያ እሳት የሌለን ሰዎች ያለን መላ ማድረቅ፣ መጠኑን ማሳነስና በየተራ መጥበስ ነው። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን በዝግታ እያቁላላን፣ ሲያርርብን ጠብ ጠብ እያደረግን ውሃ እንጨምራለን። ለዚህ ምግብ ያ ልማድ አይሠራም።

ለ3 ሰው የሚያስፈልገው

• 300 ግራም ቀይ የጥብስ ሥጋ፣ ቢቻል ሽንጥ
• 200 ግራም ደረቅ ኑድል ወይም ቀጭን ስፓጌቲ
• 1 ካሮት፣ የአንድ ትንሽ ጥቅል ጎመን ሩብ፣ 1 የፈረንጅ ቃሪያ
• 3 የተላጠ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል
• 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ
• 1 የሻይ ማንኪያ ኮርንፍላወር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ
• 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ
• 3 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ ካለ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት

ከእሳት በፊት

ሥጋው። ጅማቱንና ሞራውን ያንሱ። ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆዩት ጠንከር ስለሚል ለቢላ ይመቻል። ለቋንጣ ስንዘለዝል የሥጋውን ክር ተከትለን እናረዝማለን፤ እዚህ ግን ክሩን አቋርጠው በስስ ይቁረጡ። ክሩ ሲያጥር ጥርስ አይታገለውም። የተቆረጠውን ሥጋ በቤኪንግ ሶዳው አሽተው 15 ደቂቃ ያቆዩት። ሶዳው የሥጋውን ገጽታ አሲድነት ስለሚቀንስ ፕሮቲኑ እሳት ሲነካው አጥብቆ አይኮማተርም፤ ሥጋውም ፈሳሹን ጨምቆ አያወጣም። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ተጭነው ያድርቁት። ይህችን ማድረቂያ አይዝለሉ። በመጨረሻ በ1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ በኮርንፍላወሩና በጥቂት ዘይት ይለውሱት። ኮርንፍላወሩ ሥጋውን በስሱ ሸፍኖ ፈሳሹን ይይዛል፤ በኋላም ሶሱ እንዲጣበቅበት ይረዳል።

ኑድሉ። ደጋ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ኑድልም ፓስታም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓት ከማየት ይልቅ ይቅመሱት፤ መሐሉ ገና ጠንከር እንዳለ ያውጡት። መጥበሻው ላይ ይጨርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው በደንብ ያጠንፍፉት፤ ከዚያ በጥቂት ዘይት ነካክተው ሰፊ ትሪ ላይ ይበትኑት።

የእስያ ኑድል ካላገኙ ቀጭን ስፓጌቲን በ2 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ይቀቅሉት። ብዙ የቻይናና የጃፓን የስንዴ ኑድሎች የሚለጠጡትና ቢጫ የሚሆኑት ሊጡ ውስጥ በሚገባ አልካላይን ጨው ነው፤ ሶዳው ወደዚያ ያስጠጋዎታል። ውሃው አረፋ አውጥቶ ስለሚገነፍል ትልቅ ድስት ይጠቀሙ።

ከሱቅ የሚገዛው ፈጣን ኑድልም ይሆናል። ሞሞፉኩ አንዶ በ1958 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ይህ ኑድል የሚደርቀው ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ውሃው ስለሚባረር ነው። 1 ወይም 2 ደቂቃ ብቻ ይቀቅሉትና የቅመሙን ከረጢት ይተዉት።

አትክልቱና ሶሱ። አትክልቱን አጥበው ያድርቁና ሁሉንም እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥነው ይቁረጡ። የቀረውን ሶያ ሶስ፣ ስኳሩንና ኮምጣጤውን ከ1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር በአንድ ሲኒ ይቀላቅሉ። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ጠርሙስ ለመክፈት ጊዜ የለም።

እሳት ላይ

1. ሰፊ የብረት መጥበሻ በከፍተኛ እሳት ያግሉ። የቴፍሎን መጥበሻ ከሆነ ባዶውን አያግሉት፤ ዘይት አድርገው መካከለኛ እሳት ላይ ያሙቁት።
2. 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው መጨስ ሊጀምር ሲል የሥጋውን ግማሽ አንድ በአንድ ዘርግተው ያስገቡ። ለ1 ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት፤ ከዚያ አገላብጠው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያውጡት። ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሁ ይጥበሱ።
3. ዘይት ጨምረው ካሮቱን፣ ቀጥሎ ጎመኑንና ቃሪያውን ያስገቡ። ሳያቋርጡ 2 ደቂቃ ያማስሉ፤ አትክልቱ ሲታኘክ መንኮሽኮሽ አለበት።
4. መሐሉን ገለጥ አድርገው የተከተፈውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለጥቂት ሰከንድ ይጥበሱ። ቀድመው ቢያስገቧቸው ያርሩና ይመራሉ።
5. ኑድሉን፣ ከዚያም ሥጋውን ይመልሱ። ሶሱን በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ ያፍስሱት፤ የጋለውን ብረት ሲነካ ውሃው ይተንና ጣዕሙ ይቀራል። 1 ደቂቃ እያነሱ ያገላብጡ።
6. እሳቱን አጥፍተው የሰሊጥ ዘይቱን ያንጠባጥቡ። ሙቀት ሽታውን ስለሚያጠፋበት ቀድሞ አይገባም። ጨው የሚጨመረው ተቀምሶ ካነሰ ብቻ ነው።

በጾምና በሃይማኖት

በጾም ቀን የሥጋውን ቦታ እንጉዳይ ይይዘዋል። እንጉዳይ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለብቻው፣ ያለ ጨው፣ ያወጣው ውሃ ተኖ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። የሚገዙት ኑድል እንቁላል እንደሌለበት ማሸጊያውን ያንብቡ። የእስያ አሠራሮች ብዙ ጊዜ የኦይስተር ሶስና የሩዝ ወይን ይጠይቃሉ። ኦይስተር ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ የሩዝ ወይኑም አልኮል አለው። ሃይማኖትዎ የማይፈቅድ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉ። ከላይ ያለው የሶያ ሶስ፣ የስኳርና የኮምጣጤ ድብልቅ ያለ እነርሱም ይበቃል።

ካልተሳካ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ

ሥጋው ውሃ ካወጣ፦ በዝቶ ገብቷል ወይም አልደረቀም። ቶሎ አውጥተው መጥበሻውን እንደገና ያግሉ።
ሥጋው ከጠጠረ፦ በክሩ አቅጣጫ ተቆርጧል ወይም እሳት ላይ ቆይቷል።
ኑድሉ ከተጓጎለ፦ በዝቶ በስሏል ወይም ሳይለቀለቅ ተከምሯል።
ሶሱ ካቆረ፦ ኑድሉ በደንብ አልጠነፈፈም።

እንግዳ ሲመጣ ፈተናው ይከብዳል። ለ6 ሰው የሚሆነውን በአንድ መጥበሻ ለመጨረስ ከሞከሩ ከሥጋውና ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ እሳቱን ያሸንፈዋል፣ ጥብሱም ቅቅል ይሆናል። ዝግጅቱን በእጥፍ ያድርጉ፣ ጥብሱን ግን በ2 ዙር ይሥሩት። የመጀመሪያው ዙር እየተበላ ሁለተኛው ይደርሳል።