ግኝቱ ሳይዘጋ አትመለሺ

ልጄ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የመረጃ ደህንነት እንድትቆጣጠሪ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ትጉህ ነሽ፤ ችኮላሽን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

1. ከፖሊሲው በፊት ዝርዝሩን ጠይቂ። የትኛው ሲስተም የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ፣ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ ይንገሩሽ። ፖሊሲ አይጠፋም፤ ዝርዝሩ ነው የሚጠፋው። በፕሮጀክት ገንዘብ ተገዝቶ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጠያቂ ያጣ ሰርቨር ብዙ አይቻለሁ። ማንም የማያድሰው እሱ ነው፤ አጥቂም የሚገባው በእሱ ነው።

2. ግኝት ጽፈሽ ብቻ አትመለሺ፤ እስኪዘጋ ተከታተዪ። ከሁሉም አጥብቄ የምለምንሽ ይህን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮን የገዛ ኢንስፔክተሩ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ድክመቱን በሪፖርት ይነግረው ነበር። በ2014 መጨረሻ ደግሞ የደህንነት ፈቃዳቸው ያልታደሰ ሲስተሞችን መዝጋት እንዲታሰብበት መከረ። ያኔ ግን አጥቂዎች ወደ ቢሮው ሲስተሞች ከገቡ ወራት አልፈው ነበር። በ2015 የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መሰረቁ ተገለጠ፤ ከዚያ ውስጥ የ5.6 ሚሊዮኑ የጣት አሻራም አለበት። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም። ሪፖርት የጻፈ ሰው ነበር፣ ልጄ፤ የጎደለው የሚያስፈጽም ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ግኝት አጠገብ የኃላፊውን ስምና የሚያልቅበትን ቀን ጻፊ። «ተስተካክሏል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልሽ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ።

3. የውጭ ድርጅቶችን መግቢያ ቁጠሪ። እነዚያ አጥቂዎችም የገቡት ለቢሮው በውል ከሚሠራ ድርጅት በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። ውሉ ባለቀ ዕለት መግቢያው ይዘጋ። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛም እንዲሁ።

4. ሕጉን እወቂ፣ ግን አታስፈራሪበት። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋምን እንደገና ያቋቋመውን አዋጅ ቁጥር 808/2006ን እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ደጋግመሽ አንብቢ። መሥሪያ ቤቱ ስትደርሺ ግን በሰላምታ ግቢ። የፈራ ባለሙያ ጥቃት ሲደርስበት ይደብቃል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ቶሎ ያሳወቀሽን አመስግኚ፤ ምስጋናሽንም በሪፖርቱ ላይ አስፍሪ።

5. ጥፋቱን ሁሉ በአይቲ ክፍሉ ላይ አትጣይ። ባክአፕ የሚያዝበት ዕቃ እንዲገዛለት ጠይቆ መልስ ያላገኘ ልጅ ምን ያድርግ? በጀት የሚፈቅደው የበላይ ኃላፊው ነው። ለእሱ በሁለት ገጽ፣ በሚገባው ቃል ጻፊለትና ፈርሞ ይቀበልሽ። ስብሰባ ላይ ነው ካሉሽ ጠብቂው። ካልፈረመም በሳምንቱ ተመለሺ።