መጠባበቂያ ቅጂ የሚመዘነው ሲመለስ ነው

በዚህ እትም የምናቀርበው በኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ ከተማርነውና በመለማመጃ ክፍል ከሞከርነው የተውጣጣ ነው። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ኮንቴይነር ማለት አንድን ፕሮግራም ከነስንቁ፣ ማለትም ለሥራው ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር፣ ጠቅልሎ የያዘ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች ተቀናጅተው ኮንቴይነሮችን ሲያሠሩ ክላስተር ይባላሉ። ከክላስተር አስተዳዳሪዎች በጣም የታወቀው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ኩበርኔቲስ ነው። ኩበርኔቲስ «ይህ ፕሮግራም በሦስት ቅጂ ይሥራ፣ ይህ የይለፍ ቃል ይሰጠው፣ ይህ ማከማቻ ይያያዝለት» የሚሉትን መመሪያዎች ኤትሲዲ በተባለ መዝገብ ይይዛል።

እንግዲህ ልብ እንበል! ሊጠፋ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መመሪያው፣ ሁለተኛው በማከማቻው ያለው መረጃ። የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ ፕሮግራም በክላስተር ላይ ይሠራል እንበል። መመሪያው ብቻ ቢመለስ ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ገጹም ይከፈታል፤ የተማሪው ማርክ ግን የለም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

የመገልበጫ መንገዶቹ ሦስት ናቸው።

1ኛ/ በኪዩብ ሲቲኤል። «ኪዩብ ሲቲኤል ጌት ኦል» ብሎ ውጤቱን በያምል መልክ ወደ ፋይል ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን «ኦል» ሁሉ ማለት ነው ብሎ የተማመነ ሰው ጉድ ይሆናል፤ ኮንፊግማፕን፣ ሴክሬትንና ፒቪሲ የሚባለውን የማከማቻ ጥያቄ አይጨምርምና። እነዚህን በየስማቸው መጥራት ያስፈልጋል። ሲመለስ «ኪዩብ ሲቲኤል አፕላይ» ይባላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክላስተሩ ራሱ የጻፋቸው መለያ ቁጥሮችና የሁኔታ መግለጫዎች ከፋይሉ መጽዳት አለባቸው። ደግሞም በሴክሬት ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል መልኩ ተለወጠ እንጂ አልተቆለፈም፤ ማንም ሊፈታው ስለሚችል ፋይሉ በየቦታው አይጣል።

2ኛ/ ኤትሲዲን በመገልበጥ። «ኤትሲዲ ሲቲኤል ስናፕሾት ሴቭ» መላውን መዝገብ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ለመመለስ «ኤትሲዲ ዩቲኤል ስናፕሾት ሪስቶር» ተብሎ ወደ አዲስ ማኅደር ይዘረጋል። ይህ መንገድ ክላስተሩ በሙሉ ሲወድቅ ይጠቅማል። የአንድ ክፍል ሥራ ብቻ ተነጥሎ ይመለስ ከተባለ ግን አይመችም፤ መዝገቡ እንዳለ ወደዚያች ሰዓት ይመለሳልና። በማከማቻ ያለውን መረጃም አይዝም።

3ኛ/ በቬሌሮ። «ቬሌሮ ባክአፕ ክሪኤት» ሲባል ኔምስፔስ የተባለውን የሥራ ክፍፍል መርጦ ይገለብጣል፤ ቅጂውንም ከክላስተሩ ውጭ ወዳለ ማከማቻ ይልካል። የማከማቻው መረጃ አብሮ የሚገለበጠው ግን አስቀድሞ ከተዘጋጀለት ነው። ሌላ ቀን ካልተወሰነ ቅጂው የሚቆየው 30 ቀን ነው። «ቬሌሮ ሪስቶር ክሪኤት» ሲባል ደግሞ በቦታው ያለውን ነገር ካልታዘዘ በስተቀር አይተካም፤ ትቶት ያልፋል። ስለዚህ የተበላሸውን ሳያነሡ በላዩ መልሶ «ተስተካከለ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ጊትላብ በተባለው ድርጅት የደረሰው ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዋናው የመረጃ ቋት በስሕተት ተሰረዘ። ድርጅቱ አምስት ያህል የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት፤ ሲፈለጉ ግን እንደሚገባ የሚሠራ አልተገኘም። አንደኛው ዘዴ ከሽፎ ነበር፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ለሠራተኞቹ አልደረሰም። ያዳናቸው ለሌላ ሥራ ተብሎ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። በመካከል የተጻፈው መረጃ ግን እንደፈሰሰ ውሃ ቀረ።

ስለዚህ አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፣ ፈተናው ከአደጋው በፊት ይሁን። ቬሌሮ ቅጂውን በሌላ ኔምስፔስ ስም ለመመለስ ስለሚፈቅድ ዋናውን ሥራ ሳይነኩ መለማመድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር እንይ፤ ፕሮግራሙ ተነሥቷል ወይ? የይለፍ ቃሉ ይሠራል ወይ? በማከማቻው ያለው መረጃ እስከ መጨረሻው መስመር አለ ወይ? የፈጀውን ሰዓትም እንመዝግብ፤ በችግር ቀን ስንት ሰዓት እንደምንጠብቅ የሚነግረን እሱ ነው።

ተማሪ ትምህርቱን መያዙ የሚታወቀው በደብተሩ ስለገለበጠ አይደለም፤ ሲጠየቅ ሲመልስ ነው። ቅጂም እንዲሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ የኤትሲዲ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል?
ለ/ ቅጂው በዚያው ክላስተር ውስጥ ቢቀመጥ ምን ችግር ይመጣል?
ሐ/ አንድ ኮንፊግማፕ ብቻ ቢበላሽ ከሦስቱ የትኛውን መንገድ እንመርጣለን? ለምን?

መልሱን ጽፎ ላመጣ ሰልጣኝ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጣለን፤ የመምህራንም እርማት አይለየን።