የስልካችን ምስል ከቴሌቪዥኑ መስኮት ለምን አይደርስም?

አንድ የፊዚክስ መምህር የአሚሜትርን መርፌ እንቅስቃሴ ለ60 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ለማሳየት ፈለገ እንበል። የመሣሪያው ፊት ከመዳፍ ስለማይበልጥ ከኋላ የተቀመጡት ሊያዩት አይችሉም። መምህሩ የስልኩን ካሜራ በመርፌው ላይ አነጣጥሮ ምስሉን ያለ ሽቦ ወደ ቴሌቪዥን ቢልከው ግን ችግሩ ይቃለላል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ስልኩ ቴሌቪዥኑን ፈልጎ ያጣዋል፤ ወይም ካገኘው በኋላ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ወይም ድምፅ እየተሰማ መስኮቱ ይጠቁራል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ቁልፍ በመነካካት ያልፍና ሙከራው ሳይታይ ደወል ይደወላል።

እነዚህ ሦስት ምልክቶች ከሦስት የተለያዩ ምክንያቶች የሚመነጩ ናቸው። ምልክቱን አይቶ መንስኤውን ለሚለይ ሰው መፍትሔው አያስቸግርም። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ሁለቱ መንገዶች

በቅድሚያ ምስሉ በየት በኩል እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል። በልማድ «ካስት ማድረግ» የምንለው ነገር በአሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው።

በመጀመሪያው ዓይነት ስልኩ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ እየቀረጸና እያመቀ ለቴሌቪዥኑ ይልካል። ይህም ማንጸባረቅ ወይም ሚረሪንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሚራካስት የተሰኘው የአሠራር ደንብ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ያለ ራውተርና ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ ይገናኛሉ።

በሁለተኛው ዓይነት ስልኩ ምስሉን ሳይሆን ምስሉ የሚገኝበትን የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ይልካል። ቪዲዮውን የሚያወርደው ራሱ ቴሌቪዥኑ ነው፤ ስልኩ የሪሞት ያህል ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ያወጣው ክሮምካስት በስፋት ያስለመደው ይህን አሠራር ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ከሌላ ስልክ ሆትስፖት ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ቪዲዮው የሚወርደው ከዚያ ስልክ የዳታ ጥቅል ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ሲዳከምም ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጎን ማስቀመጥ ምንም አይፈይድም።

የመምህራችን የካሜራ ምስል ከመጀመሪያው ዓይነት ይመደባል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር ሊሠራ ይገባዋል።

ስልኩ ቴሌቪዥኑን ሲያጣው

መጀመሪያ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ቋንቋ መናገራቸውን እናረጋግጥ። አይፎን ሚራካስትን አያውቅም፤ የሚጠቀመው በኤርፕሌይ ነው። በመሆኑም ሚራካስትን ብቻ የሚቀበል ቴሌቪዥን በአይፎን ላይ መቼም አይታይም። ከአንድሮይድ ስልኮችም መካከል ሚራካስት የሌላቸው አሉ።

ቋንቋቸው አንድ ከሆነና ግንኙነቱ በራውተር በኩል ከሆነ፣ ስልኩ በመረቡ ላይ ላሉት ሁሉ «ማን አለ?» የሚል አጭር ጥሪ ይበትናል። ይህ ጥሪ በአብዛኛው ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው አይሻገርም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ፣ ስልኩ ደግሞ በሞባይል ዳታ ላይ ከሆኑ አይደማመጡም። በሆቴሎችና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ደግሞ ራውተሩ ለደኅንነት ሲባል ተጠቃሚዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚለይበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ኢንተርኔት ማግኘታቸው እርስ በርስ ለመተያየታቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህንን ለመለየት ሁለቱንም መሣሪያዎች ከሦስተኛ ስልክ ሆትስፖት ጋር ማገናኘት ነው። ቴሌቪዥኑ በዚህ ጊዜ ከታየ ጥፋቱ ከራውተሩ ዘንድ ነው። ካልታየ በስልኩ ላይ የተከፈተ ቪፒኤን ካለ መዝጋት፣ በአይፎን ላይም አፑ የአካባቢውን መረብ እንዲጠቀም መፈቀዱን ማየት ያሻል።

ምስሉ ሲቆራረጥ

አንድ ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በ24 ቢት ቢገለጽና በሰከንድ 30 ምስሎች ቢላኩ፣ በየሰከንዱ 1.5 ቢሊዮን ቢት ያህል ማስተላለፍ ግድ ይላል። ስልኩ ግን በአብዛኛው ከቀደመው ምስል የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ መጠኑ ወደ 10 ሚሊዮን ቢት አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ቁጠባው ታዲያ ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ ምስል በቀደመው ላይ ስለሚመሠረት በመንገድ የጠፋች ትንሽ መረጃ ተከታዮቹንም ታበላሻለች። በመስኮቱ ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች የሚታዩት ለዚህ ነው።

መረጃው የሚጠፋው በሬዲዮ ሞገዱ ጉዞ ላይ ነው። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ 12.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ሲደራረብ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ደካማ ቦታዎች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ስልኩን በመዳፍ ስፋት ያህል ማንቀሳቀስ አንዳንድ ጊዜ የሚጠቅመው በአጋጣሚ አይደለም። በውሃ የተሞላው የሰው አካልም ሞገዱን ይውጣል፤ በስልኩና በቴሌቪዥኑ መካከል አለመቆም ይበጃል።

ይኸው ድግግሞሽ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚጋሩት ነው። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግድግዳ ሲያጋጥመው ይበልጥ ይዳከማል፤ ነገር ግን ብዙ ክፍት መስመሮች ስላሉት በአንድ ክፍል ውስጥ ተመራጭ ነው። ግንኙነቱ በራውተር በኩል ከሆነ መረጃው ሁለት ጊዜ፣ ከስልክ ወደ ራውተር ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን፣ በአየር ላይ ይጓዛል። ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ማያያዝ አንዱን ጉዞ ያስቀራል።

መስኮቱ ሲጠቁር

ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ከጠቆረ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የቅጂ መብት ጥበቃ ነው። የፊልም አቅራቢዎች አፖች ስክሪናቸው እንዳይቀረጽ ሊከለክሉ ይችላሉ። ይህን ለመለየት በስልኩ ያነሣነውን ፎቶግራፍ መላክ በቂ ነው፤ ፎቶው ከታየ መሣሪያዎቹ ጤነኞች ናቸው።

አንድ በአንድ መለወጥ

በቤተ ሙከራ እንደምናስተምረው ሁሉ እዚህም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። ራውተሩን አጥፍቶ፣ ስልኩን አፕዴት አድርጎ፣ ቦታም ቀይሮ ሥራው የተሳካለት ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፍተሻው ከክፍለ ጊዜው አስቀድሞ፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ቴሌቪዥን ቢደረግ ይመረጣል። ለመጠባበቂያ ኬብል የሚያዘጋጅም ስልኩ በዩኤስቢ ሲ በኩል ምስል የሚያወጣ መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር፤ ሁሉም ስልክ አያወጣምና።

ግንኙነቱ በተሳካ ጊዜም ምስሉን ማመቁና መፍታቱ ጊዜ ስለሚወስድ በቴሌቪዥኑ የሚታየው ከእውነተኛው ክስተት ይዘገያል። የፔንዱለምን የውዝዋዜ ጊዜ የሚለካ ተማሪ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ከቴሌቪዥኑ ከተመለከተ፣ መዘግየቱ እስካልተለዋወጠ ድረስ ልኬቱ አይዛባም። መጀመሪያውን ከጠረጴዛው፣ መጨረሻውን ከቴሌቪዥኑ ካየ ግን መዘግየቱ በሙሉ በውጤቱ ላይ ይደመራል።