አንድ ገለጻ በሁለት ቋንቋ፦ ስላይድን በታዳሚው ስልክ ላይ በቀጥታ ማሳየት

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ገለጻ የሚያቀርብ ባለሙያ ከጅምሩ አስቸጋሪ ምርጫ ይጠብቀዋል። ስላይዱ በአማርኛ ቢጻፍ እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች አያነቡትም፤ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ብዙ ወላጆች ይቸገራሉ። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ገጽ ማጨናነቅም ከኋላ የተቀመጠ ሰው የማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ ያስከትላል። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያወጧቸውን ጠቃሚ ማስታወቂያዎች ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ይሁንና ወረቀቱ ተተርጉሞ ስብሰባው ካልተተረጎመ ሥራው ግማሽ ነው።

ስላይድን ለሌሎች በቀጥታ ለማካፈል የተለመደው መንገድ የገላጩን ስክሪን እንደ ቪዲዮ ለሁሉም መላክ ነው። በዚህ መንገድ ሁሉም የሚያየው ያንኑ አንድ ምስል ነው። ሁለተኛው መንገድ ምስሉን አይልክም። የስላይዶቹ ቅጂ አስቀድሞ በእያንዳንዱ ታዳሚ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ገላጩ ገጽ በለወጠ ቁጥር የሚተላለፈው «ገጽ 7» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ነው። መምህር ክፍል ገብቶ «መጽሐፋችሁን ገጽ 7 ላይ ግለጡ» እንደሚለው ማለት ነው። የስክሪኑ ቪዲዮ በሰከንድ 150 ኪሎቢት ቢፈጅ የአንድ ሰዓት ገለጻ ከ67 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፤ የ30 ገጽ ፋይል ግን በአግባቡ ከተጨመቀ 3 ሜጋባይት ሊበቃው ይችላል።

ለዚህ ምቹ ሁኔታ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2011 መስፈርቱ የወጣው ዌብሶኬት የተባለ የመገናኛ ስልት ነው። ከዚያ በፊት ስልኩ አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን ደጋግሞ መጠየቅ ነበረበት፤ በዌብሶኬት ግን መስመሩ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ አገልጋዩ ኮምፒውተር መልእክቱን ወዲያው ይልካል። ሪቪል ጄኤስ የተባለው ነጻ የስላይድ ሶፍትዌር መልቲፕሌክስ በተሰኘው ተጨማሪ ክፍሉ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ምስጢራዊው ቁልፍ በገላጩ እጅ ይቀራል፤ የታዳሚው ሊንክ ለመቀበል ብቻ ስለሆነ ማንም ተነሥቶ የሁሉንም ገጽ ሊለውጥ አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ቁጥር ቋንቋ የሌለው መሆኑ ነው። ገላጩ ገጾቻቸው አንድ በአንድ የሚዛመዱ ሁለት ፋይሎች ያዘጋጃል። እናት የአማርኛውን፣ ልጇ የእንግሊዝኛውን ይከፍታሉ፤ «ገጽ 7» ሲባል ሁለቱም በየቋንቋቸው እዚያው ይደርሳሉ። በአንዱ ፋይል ገጽ ሲጨመር በሌላውም መጨመር አለበት፤ አለዚያ እናት ስለ መድኃኒቱ መጠን ስታነብ ልጇ ስለ አመጋገብ ያነብባል። ትርጉሙንም አስቀድሞ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይመረጣል። በተለይ ሰዓት ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በእንግሊዝኛው ገጽ 9 ሰዓት የተባለው የጠዋት ቀጠሮ በአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ካልሆነ አንዱ ወገን ቀጠሮው ያልፈዋል።

የፊደሉም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ቋሚ መለያ ቁጥር አግኝቷል። በቀድሞው አሠራር የተጻፉ ፋይሎች ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ስለሚያስቀምጡ ያው ፎንት በሌለው ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ገጹን ወደ ፎቶ መለወጥ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም፤ ማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሶፍትዌር ፎቶውን እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አድካሚ ቢሆንም የአንድ ጊዜ ሥራ ነው።

ገለጻው ከአዳራሹ ውጭ ሲተላለፍ ደግሞ ድምፁና ገጹ ይለያያሉ። የቴሌቪዥን ምልክት 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ደርሶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የኢንተርኔት የቀጥታ ስርጭት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ይዘገያል። የገጹ ቁጥር ግን ወዲያው ስለሚደርስ ስላይዱ ከድምፁ ይቀድማል። መልእክቱ በዚያው መጠን ዘግይቶ እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል።

በአዳራሹ ኢንተርኔት ባይኖርም የገላጩ ላፕቶፕ ራሱ አገልጋይ ሆኖ በዋይፋይ ራውተር ሊሠራ ይችላል። ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ራውተር ግን የብዙ መቶ ሰዎችን ስልክ በአንድ ጊዜ አይችልም። ጉባኤው ትልቅ ከሆነ ፕሮጀክተሩን በአማርኛ አድርጎ ስልኩን እንግሊዝኛውን ለሚፈልጉት ብቻ መተው ጭነቱን ያቃልላል።